ክንፉ ላይ ያለው ጤዛ

ሚሺጋን፣ ጁን 14

ዴል፣

እንደምን ሰነበትክ? ጆሮህስ፣ ወገብህስ፣ ልጅህስ፣ የልጅህ ውሻስ? ስልክ ደውዬ ሦስቴ «ምን አልሽ?» ከምትለኝ ብዬ እንደ ድሮው ብዕር አንስቻለሁ። ስለ ጉልበቴ ለጠየቅከው፣ ሐኪሙ የቀየረልኝ ከአሮጌው ይሻላል፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ያኮርፋል። ሌንሱንም አልሸጥኩም። እንዲህ ያለውን ወሬ ማን እንደሚያቀብልህ ባወቅኩ። ያንን ረጅም ሌንስ ከምሸጥ ቤቴን ሸጬ የሌንሱ ቦርሳ ውስጥ ብኖር ይሻለኛል።

የጠጠሩ ነገር ግን እውነት ነው። አንድ ድርጅት ግማሽ ጨረቃ ረግረግን አድርቆ ጠጠር ሊያወጣበት ፈቃድ ጠይቋል፤ የወረዳው ቦርድ ኦገስት 6 ይወስናል። እህቴ አይኖ በሠርጋችሁ ማግስት አንተን ቦት ጫማ አስጫምታ ጎትታ የወሰደችበት ረግረግ፣ እኔና እሷ በጋ በመጣ ቁጥር የውሃ ተርብ ስንቆጥር የኖርንበት ረግረግ ጉድጓድ ሊሆን ነው። አይኖ ብትኖር ቦርዱን በሙሉ ጭቃው ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። እሷ የለችም፤ እኔ ግን አለሁ።

ሕጉ ቀላል ነው። ባለ መረግድ ዓይኑ የውሃ ተርብ የሚኖርበት ቦታ አይነካም። ግማሽ ጨረቃ ላይ ለመኖሩ በመዝገብ የሰፈረው ማስረጃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንተ ያነሳኸው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ። የድርጅቱ ባለሙያ «አሮጌ ነው፤ ከላይ ነው የተነሳው፤ የጅራቱ ጫፍ አይታይም፤ በዚህ አይነቱን መለየት አይቻልም» ብሎ አጣጥሎታል። ስለዚህ እኔ አዲስ ላነሳ ነው። ሰባት ሳምንት አለኝ፣ ካሜራ አለኝ፣ የሚታጠፍ ወንበር አለኝ፤ ግትርነቱን ደግሞ ከእናቴ ወርሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የት ቆመህ ነው ያነሳኸው? በስንት ሰዓት? ከየት በኩልስ መጣልህ?

ሌምፒ


ቱሳን፣ አሪዞና፣ ጁን 23

ውድ ሌምፒ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ የፖስታ ሳጥኑን ለመክፈት እንኳ ጓንት ያስፈልጋል። ልጄ ደህና ናት። ውሻዋ አይወደኝም፤ እኔም አልወደውም፤ ተከባብረን እንኖራለን።

ሳውናሽን ትሞቂያለሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር፤ አንቺ ግን ሳውናውን ትተሽ ረግረግ ልትገቢ ነው። ሰባ ሁለት ዓመትሽ ነው እኮ። ጭቃው እስከ ጭን ይውጣል፤ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ነው። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? ለቦርዱ ፊርማ ብታሰባስቢስ? ሰው ይወድሻል፤ የወረዳውን ግማሽ ሕዝብ በአውቶቡስሽ ትምህርት ቤት ያደረስሽው አንቺ ነሽ።

እምቢ እንደምትይኝ ስለማውቅ ግን የማውቀውን ልንገርሽ። ጅራቱ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ መቆንጠጫዎች የሚታዩት ከጎን ሲነሳ ነው፤ ከላይ ያነሳሽውን ሁሉ እንዳላነሳሽው ቁጠሪው። ሌንሱን እስከ መጨረሻው አትዘርጊው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ምስሉ ይለሰልሳል፤ ትንሽ መልሺው። የካሜራ ማቆሚያው ሦስት እግሮች እንዳይሰምጡ የቴኒስ ኳስ ቀድደሽ አልብሻቸው። ሁልጊዜም ፀሐይን ከጀርባሽ አድርጊ።

የት ቆሜ እንዳነሳሁት ጠይቀሽኛል። ረጅም ጊዜ ሆነው። ረስቼዋለሁ።

ዴል


ሚሺጋን፣ ጁላይ 5

ዴል፣

ረሳሁት? አንተ? በኖርክበት ዘመን ሁሉ የጋብቻችሁን ቀን አንድም ጊዜ አስታውሰህ አታውቅም፤ የእያንዳንዱን ፎቶ ሰዓትና ብርሃን ግን በቃልህ ትወጣው ነበር። አይኖ በዚህ ስንት ቀን አኩርፋለች።

ግድ የለም፣ ያለ አንተም አገኘሁት። ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ ፎቶህን በማጉያ መነጽር አየሁት። ተርቡ የተቀመጠው ገንቦ መሳይ ቅጠል ባለው፣ ዝንብ በሚበላው ተክል አበባ ላይ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ጎባጣ ዛፍ ይታያል። ዛፉ አሁንም እንደጎበጠ መሐል ሜዳው ላይ ቆሟል። ወንበሬን ከፊቱ ተከልኩ። ይኸው ስምንት ቀኔ፤ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች እገባለሁ፤ ቀዝቃዛ የሥጋ ፓስቲዬን እዚያው በልቼ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወጣለሁ።

ሌንሱ ሥራ አልፈታም። ክንፈ ነጠብጣቡን ተርብ፣ ቀዩን፣ ያንን የሚያንቀላፋ የሚመስለውን ሰማያዊ፣ ሁሉንም አንስቻቸዋለሁ። አንድ ሽመላም እንቁራሪት ሲውጥ አንስቻለሁ፤ የእንቁራሪቱ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። መረግድ ዓይኑ ግን የለም።

ወድቃለች የሚል ወሬ ከደረሰህ ያወራው ጎርደን ሳልሚ ነው። አልወደቅኩም። ወንበሩ ሰመጠ፤ እኔ በላዩ ስለነበርኩ አብሬው ሄድኩ። ጎርደን አሁን የቦርዱ ሰብሳቢ ሆኗል፤ ልጅ ሳለ በአውቶቡሴ እንደተመላለሰ ታውቃለህ። ያን ዕለት መንገዱ ዳር መኪናውን አቁሞ፣

«ወይዘሮ ሃርዩ፣ እዚያ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

«ሥራዬን።»

«እዚህ እኮ ከትንኝ በቀር የሚበር የለም።»

«ጎርደን፣ ለምን ከፊት ወንበር አስቀምጥህ እንደነበር ታስታውሳለህ?»

«ስለማወራ ነዋ።»

«እንግዲያው።»

ስቆ ሄደ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ማስረጃ ካላየ እጁን ለጠጠሩ ያወጣል፤ ይህንንም እቅጩን ነግሮኛል።

አንተ ግን በደንብ ጻፍልኝ። ያለፈው ደብዳቤህ ጠረኑ አላማረኝም።

ሌምፒ


ቱሳን፣ ጁላይ 11

ሌምፒ፣

ታምሜ አይደለም። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

እባክሽ ከዚያ ወንበር ተነሺ። ስለ አይኖ ብለሽ ተነሺ። እዚያ ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂውን ነገር አታገኚውም። ለምን እንደምል አትጠይቂኝ።

ዴል


ሚሺጋን፣ ጁላይ 16

ዴል፣

ለምን እንደምትል አልጠይቅህም፤ እኔው እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሼ ሄድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያምር ነገር አየሁ ስል ኖሬ ነው እንጂ ፎቶውን አላየሁትም ነበር። ያ ተርብ አበባው ላይ ልክ እንደ ቁልፍ ልጥፍ ብሎ ተቀምጧል። የእሱ ዘመዶች ግን ቅርንጫፍ ሥር ተንጠልጥለው እንጂ እንዲያ ተዘርግተው አያርፉም፤ ይህንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሌላም አለ። ክንፉ ላይ የጤዛ ጠብታ ተደርድሯል። እንዴት ያምራል እንል ነበር። የአበባው ጥላ ግን እግሩ ሥር ነው ያለው፤ ቀትር ነው ማለት ነው። በቀትር ጤዛ ከየት መጣ?

ዛሬ ጠዋት ከማቀዝቀዣ ጠርሙስ አውጥቼ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩ። ሳይውል ሳያድር ያንኑ ጤዛ አወጣ።

በረዶ ሳጥን ውስጥ አስገብተህ አደንዝዘህ ነው ያነሳኸው። ተው፣ አትደንግጥ። የተርብ ፎቶ አንሺዎች ማኅበራችን ግማሽ ሰው ያን ጊዜ ተደብቆ ያደርገው ነበር፤ አይኖ ነበረች «የቀዘቀዘ ፎቶ ፎቶ አይደለም» እያለች ሰውን መቆሚያ የምታሳጣው። ለዚህ ለዚህማ ይቅር ብዬህ አልፌው ነበር። ደብዳቤ የሚያስቀድድህ ግን ይህ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ ቃል ብቻ እፈልጋለሁ። ያንን ተርብ የያዝከው ከግማሽ ጨረቃ ነው ወይስ አይደለም?

ሌምፒ


ቱሳን፣ ጁላይ 21

ሌምፒ፣

አይደለም።

አንድ ቃል ነው ያልሽኝ፤ ግን ቀሪውንም ስሚኝ።

ያን በጋ አይኖ ሆስፒታል ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ሐኪሙ አልነበረም። «መረግድ ዓይኑ ወጣ?» ነበር የምትለኝ። ዕድሜ ልኳን ግማሽ ጨረቃ ላይ አለ ስትል ኖራለች፤ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ዘጠኝ ቀን ፈለግኩ፤ የለም። በአሥረኛው ቀን ወደ ሰሜን ነዳሁ። አርባ ማይል ርቆ፣ በአሮጌው ሐዲድ ጥግ አንድ ቦይ አለ፤ እዚያ እንደሚታይ ሰምቼ ነበር። አንድ ወንድ ተርብ በመረብ ያዝኩ። ፓስቲ በምትቋጥርበት በዚያ በሰማያዊው የበረዶ ሳጥኗ ከትቼ ግማሽ ጨረቃ አመጣሁት፤ አበባው ላይ አስቀምጬ አነሳሁት። አምስት ደቂቃ ሲሞቀው ተነሥቶ በረረ።

ፎቶውን አልጋዋ ፊት ለጠፍኩላት። እንዴት እንደተደሰተች አንቺም አይተሻል። ከዚያ ሞተች፤ ለቀብሩ የመጡት የማኅበሩ ሰዎች ፎቶውን አይተው መዝገብ ላይ አሰፈሩት፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሰቀለው። እኔ አፌን ዘጋሁ። ቢያንስ በዓመቱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዓመቱ አሥራ አንድ ሆነ። እዚህ ምድረ በዳ የመጣሁት ለወገቤ ነው እላለሁ እንጂ፣ እውነቱ ያንን ግድግዳ ላለማየት ነው። አፍሬያለሁ ሌምፒ። አንቺ በዚያ ጉልበትሽ እኔ በዋሸሁበት ዛፍ ሥር ስትቀመጪ ማሰብ ደግሞ እህል አላስቀምስ ብሎኛል።

እውነተኛው ቦታ ምን ይመስል እንደነበር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሜዳ አልነበረም። ውሃው ጣት የማይሸፍን፣ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ፣ ከጥዶች ሥር በጥላ የሚሄድ ነበር። መሬቱ ላይ የረግረግ ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው እያወጡ የከመሩት የጭቃ ጭስ ማውጫ የሚመስል ነገር ሞልቶ ነበር። ተርቡ በጉልበት ቁመት ልክ ይመላለሳል፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ጠዋት ብቻ። ሲደክመው ታችኛው ቅርንጫፍ ሥር ይንጠለጠላል።

ለቦርዱ የጻፍኩት ደብዳቤ አብሮ አለ። ፈርሜበታለሁ። ፊታቸው ብታነቢው ረግረጉን እገድላለሁ፤ ባታነቢው ደግሞ አንቺንም የውሸቴ ተካፋይ አደርግሻለሁ። ውሳኔውን በአንቺ ላይ መጣሌም ሌላ ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ።

ዴል


ሚሺጋን፣ ጁላይ 25

ዴልበርት፣

ተናድጃለሁ። ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ እንጨት ፈለጥኩ፤ ለሁለት ክረምት የሚበቃ ፈልጬም ቁጣዬ አልበረደም። አይኖ እጄን ይዛ «አየሽ? እዚያው ነበር ማለት ነው» ብላኛለች። ያቺን ቃል አሥራ አንድ ዓመት እንደ ጌጥ ይዣት ኖሬአለሁ። አንተ ደግሞ አጠገቧ ቆመህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር።

ደብዳቤህን ቦርዱ ፊት አነበዋለሁ። ይህ ለውይይት የሚቀርብ አይደለም። በውሸት የዳነ ረግረግ ነገ አንድ ሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠርሙስ ያስቀመጠ ዕለት ይሞታል፤ ያኔ ማንም አያምነንም።

አሁን ስማኝ። የጭቃ ጭስ ማውጫ አልክ። እነዚያን እኔ አውቃቸዋለሁ። ከረግረጉ ጀርባ፣ ጥዶቹ ሥር፣ ባለፈው ዓመት ጉልበቴን ያጣመሙብኝ እነሱ ናቸው። ሸርጣን እንደሚሠራቸው እንኳ አላውቅም ነበር፤ ረግሜያቸው ነበር ያለፍኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መረግድ ዓይኑን የፈለግነው ሁሉ፣ እኔም የማኅበሩ ሰዎችም፣ የተቀመጥነው መሐል ሜዳው ላይ ነው፤ ፎቶህ እዚያ ነው ስላለን። ከጥዶቹ ሥር አንድም ሰው ካሜራ ይዞ አልገባም።

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ነገ ወንበሬን አዛውራለሁ። ሲበር ለማንሳት ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጻፍልኝ፤ ፈጥነህ ጻፍ። ይቅር ብዬህ አይደለም፤ የምታውቀውን ስለምፈልግ ነው።

ሌምፒ


ቱሳን፣ ጁላይ 29

ሌምፒ፣

በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ።

ጥላ ስለሆነ አውቶማቲክ ፎከሱ ቅርንጫፉን እንጂ እሱን አይዝልሽም፤ አጥፊው። ሲመላለስ ሁልጊዜ ለአፍታ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት አንድ ቦታ አለው። ያንን ቦታ ፈልጊ፤ ፎከሱን እዚያ ባዶ አየር ላይ አስተካክለሽ እጅሽን ከሌንሱ አንሺ። ከዚያ እሱ ወደ አንቺ ይምጣ። አታሳድጂው። ሲቆም አንሺው፤ ባይታይሽም አንሺው። መቶ አንስተሽ ሦስት ከተረፈሽ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ሴቷ ብትገኝ ከወንዱ ይበልጣል። ሴቷ ጅራቷን ውሃው ውስጥ እያጠቀሰች እንቁላል ስትጥል ካነሳሻት፣ በመንገድ ያለፈ እንግዳ ነው ሊሉሽ አይችሉም።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ጉልበትሽን ግን አደራ።

ዴል


ሚሺጋን፣ ኦገስት 7

ዴል፣

ትናንት ማታ ልጽፍልህ ነበር፤ ሳውና ገብቼ ስወጣ ደክሞኝ ተኛሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለምትጠይቀው ልመልስ፤ ጉልበቴ ደህና ነው።

መጀመሪያ ያነበብኩት ያንተን ደብዳቤ ነው። ጎርደን «ወይዘሮ ሃርዩ፣ ይህ ለጉዳይዎ አይጠቅምም እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ፤ አርፈህ አድምጥ» አልኩት። የድርጅቱ ባለሙያ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ፈገግ ሲል አየሁት። ሰዎች ስምህን እየጠሩ ተንሾካሾኩ፤ ይህንን ልደብቅህ አልፈልግም። አሮጊቷ ቤርጊት ግን አለቀሰች፤ «ለሚስቱ ብሎ ነው» አለች፣ ሁሉም እስኪሰማት።

ከዚያ ስድስት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። አያምሩም። አንዱ ላይ ክንፉ ተቆርጧል፤ ሁለቱ ደብዝዘዋል። በአራተኛው ላይ ግን ከጎኑ ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ሁለት መቆንጠጫ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነው፤ ዓይኑም ያበራል። ኦገስት 2፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ። አንተ እንዳልከው ባዶ አየር ላይ ፎከስ አድርጌ ስጠብቅ መጣልኝ። ስድስተኛው ሴቷ ናት፤ ጅራቷ ውሃው ውስጥ ነው።

ባለሙያው መነጽሩን አደረገ፤ አወለቀ፤ እንደገና አደረገ። «ምናልባት አቶ ዴልበርት ትሬጊር ያኔ የለቀቁት ዘር ይሆናል» አለ።

«አንድ ወንድ ብቻውን ለቆ፣ አሥራ አንድ ዓመት ማን ሲወልድ ከረመ?» አልኩት።

አዳራሹ ሳቀ፤ ጎርደን መዶሻውን እየመታ ራሱም ሳቀ። ፈቃዱ አምስት ለባዶ ውድቅ ሆነ። ድርጅቱ ይግባኝ እላለሁ ብሏል፤ ይበል። እኔም ወንበሬን አላጠፍኩም። ባለሙያው ሲወጣ በር ላይ አስቆመኝና ምን ሌንስ እንደምጠቀም ጠየቀኝ። አልነገርኩትም።

ዛሬ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ ፎቶህን ከግድግዳው አወረድኩት። ከመዝገብ ስለተሰረዘ እዚያ መቆየት አልነበረበትም። የማኅበራችንን ልማድ ታውቃለህ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ክፈፉን ገልብጬ ለማየት የደፈርኩት ወጥ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በጽሑፍህ ዋሽተህ እንደሆነ ማየት ፈራሁ። ቦታ የለም። ቀን የለም። «ለአይኖ» ብቻ ነው የሚለው።

ዝም ማለትህ ውሸት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበር። ግን ፎቶው አሁን ወጥ ቤቴ ተሰቅሏል፤ ለአይኖ ነውና ከእህቷ ዘንድ ይኑር። አራተኛውን ፎቶ ደግሞ ለአንተ ልኬልሃለሁ። ጀርባውን እየው፤ ሁሉም ነገር ተጽፏል።

ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። እኔና አንተ አንዳችን ስንዋሽ፣ አንዳችን ስንታለል ኖርን። እሷ ግን «እዚያው ነበር» ስትል እዚያው ነበር። ከአልጋዋ መስኮት በመኪና አርባ ደቂቃ ርቆ፣ ጥዶቹ ሥር፣ ያን ዕለትም ይበር ነበር። አይኖ አልተታለለችም፣ ዴል። ልክ ነበረች።

በሚመጣው ጁን ሌንስህን ይዘህ ና፤ ሁለተኛ ወንበር ገዝቻለሁ። የበረዶ ሳጥኑን እዚያው ለውሻው ተውለት።

ሌምፒ